ግድግዳው ላይ የቀረ መልክ

በእኛ ከተማ በአጅሜር፣ ቤት የሚቀባው የመብራቱ በዓል ዲዋሊ ሲቃረብ ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ይፍቃል፣ ኖራውን ይበጠብጣል፣ በብሩሽ ይጣላል። የወንድሜ ቤት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ወንድሜ ባንሲ ቀለም ነጋዴ ነው። የቀለም ነጋዴ ቤት ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው ከሱቁ ሳይሸጥ የቀረው ቀለም የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ከባንሲ ሱቅ የቀረው አረንጓዴ ነበር፤ ያ የክሊኒክ ኮሪደር የሚቀቡት አረንጓዴ። ሳሎኑም፣ መኝታ ቤቶቹም፣ እኔ የምተኛባት ጠባብ ክፍልም በእሱ ተለቅልቀው ኖሩ።

እኔ የባንሲ ታላቅ እህት ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚሁ ቤት እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ያልተጠየቅሁትን እናገራለሁ። የወንድሜ ሚስት ቪምላ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ችላልኛለች።

በዚያ ዓመት ቤቱ ይቀባ የተባለው ለበዓሉ አልነበረም፤ ለሩክማ ነበር። ሩክማ የባንሲና የቪምላ አንድ ልጅ ናት። ጥቁር ናት። ጠይም አላልኩም፤ ጠይም እናቷ ለጋብቻ አገናኞቹ የምትናገረው ነው። ዓይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ረጅም፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ናት፤ ይህን ግን የሚጠይቅ የለም። እዚህ አገር ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ሰው ጋዜጣ ላይ መጀመሪያ የሚያስጽፈው «ቀይ የሆነች» ብሎ ነው፤ የተማረች፣ ጨዋ፣ ወጥ የምትችል የሚለው ቦታ ከተረፈ ይከተላል። ሁለት ቤተሰብ መጥቶ ሩክማን አየ፣ ሻዩን ጠጣ፣ «እናሳውቃችኋለን» ብሎ ሄደ። ይኸው እስካሁን እያሳወቁን ነው።

ሦስተኞቹ ሊመጡ ነው ሲባል ቪምላ ወገቧን ይዛ ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«ጥፋቱ የዚህ ግድግዳ ነው» አለች። «እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከሰል ይመስላል።»

«ባለፈው አንቺ ተቀምጠሽ ከሰል አልመሰልሽም» አልኳት።

«እትዬ፣ አሁን እባክሽ ዝም በይ።»

ከዚያ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቪምላ ከሱቁ የተከፈቱ ቆርቆሮዎች አስመጣችና ግድግዳው ላይ በየተራ መደብ መደብ አድርጋ አስቀባች፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ። ሩክማን ሳሪ አስለብሳ በእያንዳንዱ ፊት አስቀመጠቻት። ጎረቤቶቹን ጠራች። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ሳምቡሳ እየበሉ ፈረዱ።

«ነጩ አይሆንም፣ ጭራሽ አጠቆራት።»

«ሮዙ ላይ ደግሞ አመድማ ሆነች።»

«ወንበሩን ትንሽ ራቅ አድርጉት እስቲ። አይ፣ ያው ናት።»

«እንዲያው መብራቱን አጥፍታችሁ ብታሳዩአትስ?» አለች አንዷ፣ ሁሉም ሳቁ። ቪምላም ሳቀች። ልጅቷን የወለደች እናት ናት።

ሩክማ ከወንበር ወንበር ስትዛወር ቆየች። አላለቀሰችም። መጨረሻ ላይ ተነሳችና «እማ፣ ነጭ ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር ይወዳደራል፣ ያሸንፈኛልም» አለች። «ከእኔ የሚጠቁር ግድግዳ ስጪኝ።»

ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ ገና መሄድ ሳትጀምር የቀለም ማማሰያ ይዛ ነበር የምትጫወተው። በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሄዳ ቀዩን ከቡናማ፣ ቡናማውን ከጥቂት ጥቁር ጋር እያማሰለች የደረቀ የሮማን ቅርፊት የሚመስል ቀለም ይዛ መጣች። ቪምላ ደነገጠች፤ ጨለማ ግድግዳ ገድ የለውም ብላ ታምናለች። ቀለሙ ደርቆ ሩክማ ፊቱ ስትቀመጥ ግን አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ከውስጥ የበራች መሰለች። ከጨለማው ግድግዳ የሚመለሰው ቀይ ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ የቀይ ዳማ አድርጓታል። እኔ ራሴ፣ ስትወለድ ያጠብኳት ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያት መሰለኝ።

ሦስተኞቹ መጡ። እናትየው ወይዘሮ ካልያኒ ይባላሉ፤ ባላቸው የእብነ በረድ ነጋዴ ነው፣ ልጃቸው ናቭኒት መሐንዲስ። ልጁ ሻዩን ሲጠጣ እንኳ እናቱን አይቶ ነው። ሩክማ ሰሐኑን ይዛ ገባች፣ ጎንበስ ብላ የወይዘሮ ካልያኒን እግር ነካች፣ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ብስኩታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ጠይም ናት ብለውኝ ነበር» አሉ። «ኧረ ይቺ እኮ ቀላ ያለች ናት!»

«ሰው ምን የማይለው አለ፣ እህቴ» አለች ቪምላ፣ ብስኩት እየጨመረችላቸው።

ወሬው ደራ። የሁለቱን ኮከብ የማስቆጠሩ ነገር ተነሳ፣ ካህኑ ይጠየቅ ተባለ፣ ናቭኒት ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አያት፣ ሩክማም አንዴ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ እኔ አየኋት። ልጅቷ ወዳው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቆሞ ያያት ወንድ አልነበረምና፣ ወዳው ነበር።

ቪምላ ሁሉን አስባለች፤ መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ የሳሪውን ጫፍ። የረሳችው እግርን ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲመጣ እግሩ ይነካል፣ ሲሄድም ይነካል፤ ሲሄድ ደግሞ በር ላይ ነው። ሩክማ በልማዷ እንግዶቹን ሸኝታ ግቢው በር ላይ ጎንበስ አለች። ቀትር ነበር። ወይዘሮ ካልያኒ ሊመርቋት እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉ፣ ቀና ስትል አገጯን ያዙ፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ቆዩ። ከዚያ የራሳቸውን ክንድ ከክንዷ ጋር አጎራብተው አዩ።

«አሃ» አሉና ሳቁ። «ለካስ የዚች ልጅ መልክ ግድግዳው ላይ ቀርቷል!»

ሹፌራቸው ሳይቀር ሳቀ። ናቭኒትም ሳቀ። ሩክማ አገጯ እስኪለቀቅ ጠብቃ እጆቿን ገጥማ ተሰናበተች፣ ገብታ የሻዩን ስኒዎች አጠበች።

ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ካልያኒ ናቸው ሲባል ቪምላ ስልኩን ነጠቀች። ሴትዮዋ ለልጃቸው ከኡዳይፑር ከተማ ሙሽራ አግኝተዋል፣ ወተት የመሰለች። የደወሉት ለቀለም ነው። ያ የሳሎናችሁ ቀለም ከዓይኔ አልጠፋም፣ እንግዳ መቀበያዬን እሱን ማስቀባት እፈልጋለሁ፤ ደግሞ ቀለሙን ያማሰለችውን ልጅ ላኩልኝ፣ የሙሽሮቹን ክፍል ትምረጥልኝ አሉ።

«እግሯን አታነሳም!» ብዬ ጮህኩ።

«ደንበኛ ደንበኛ ነው» አለ ባንሲ። እሱን የወለደች እናት ናት እኔንም የወለደችው፤ ማመን ያቅተኛል።

«እሄዳለሁ» አለች ሩክማ።

ልጃገረድ ብቻዋን ሰው ቤት አትሄድምና አብሬያት ሄድኩ። ወይዘሮ ካልያኒ በቤታቸው እብነ በረድ ላይ እየተንሸራተቱ ተቀበሉን።

«ዓይንሽስ የተባረከ ነው» አሏት። «ፈጣሪ ለዓይንሽ የተጨነቀውን ሩቡን ለቆዳሽ ቢጨነቅ ኖሮ ዛሬ ይህ ክፍል ያንቺ ነበር።»

«እንዳሉት ነው፣ እማማ» አለች ሩክማ። ክፍሉን ዞራ አየች። አንድ ሰፊ መስኮት ወደ ምሥራቅ አለው። «የሙሽራዋ ፊት የሚታየው የት ነው?»

በሠርጉ ማግስት የባል ዘመድ ሴቶች ሁሉ ተራ በተራ የሙሽራዋን ሻሽ ገልጠው ፊቷን ያያሉ፣ ስጦታ ያስጨብጧታል። ልጅቷ በዚያ ቤት እስከ እርጅናዋ የሚወራላት መልክ ያን ጠዋት የታየው ነው።

«እዚሁ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ለምን ጠየቅሽ?»

«ብርሃኑን ለማወቅ። ፎቶዋን ላየው?»

ፎቶውን ሰጧት። ሱርቢ ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ስቃለች። ሩክማ ፎቶውን ይዛ መስኮቱ ጋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ከሱቁ ያመጣችውን የቀለም ካታሎግ ገልጣ ቢጫ የሚያጠቃውን ለጋ አረንጓዴ በጣቷ ነካች፤ ያልበሰለ ሎሚ የሚመስለውን።

«ግድግዳውም ጣሪያውም ይህ ይሁን» አለች። «መጋረጃው ነጭ፣ ስስ።»

ክፍሉ ተቀብቶ ሲያልቅ፣ ገና ባዶ ሳለ፣ ቀለሙ ግሩም ነበር። ወይዘሮ ካልያኒ አጨበጨቡ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ «ለምን እሱን መረጥሽ?» አልኳት።

«ቀይ ቆዳ ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል፣ ቡዋ» አለች። ቡዋ ትለኛለች፣ የአባቷ እህት ስለሆንኩ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ያን ዕለት አልገባኝም።

የገባኝ በማግስተ ሠርጉ ነው። ተጠርቼ ስለነበር ሄድኩ። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ወደ አልጋው ይረጫል። የመጀመሪያዋ አክስት ሻሹን ገለጠችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ያቺ ወተት የመሰለች ልጅ ቢጫ ሆናለች። የዓይኗ ነጭ ሳይቀር የጉበት በሽተኛ ዓይን ሆኗል። ከንፈሯ ውስጥ ደም ያለ አይመስልም።

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?» አለች አክስትየው።

«በጣም ደህና ነኝ» አለች ሱርቢ፣ ሳቀች። «ክፍሌን ማን መረጠልኝ? እንዴት እንደወደድኩት!»

ሴቶቹ እየገለጡ እያዩ ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ሹክሹክታው እንደ ንብ ጩኸት ሆነ። ታማሚ ሰጧቸው። ደብቀው ዳሯት። ልጅ መውለዷን እንጃ። ወይዘሮ ካልያኒ ሁሉን ሰሙ።

ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ ደሟ ተመረመረ፣ ምንም የለባትም ተባለ። ሴትዮዋ ሐኪሙን አላመኑም፤ በየማለዳው ሻይ ይዘው ሲገቡ በገዛ ዓይናቸው ያዩታላ! ሰሐኗን ለዩባት፣ ከክፍሏም እንዳትወጣ አዘዙ። ናቭኒትም እናቱን ሰምቶ ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረ። ልጅቷም በጭንቀት መብላት አቆመች፣ እውነትም መክሳት ጀመረች።

አልቻልኩም፣ ሄድኩላቸው።

«እመቤቴ፣ ቀለሙ ነው» አልኳቸው። «ልጅቷ ጤነኛ ናት። ወደ ፀሐይ አውጥተው ይዩአት፣ ወይ ክፍሉን ነጭ ያስቀቡት።»

ወይዘሮ ካልያኒ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ባለፈው በቀለም ጥቁሯን ቀይ ናት አላችሁኝ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ በሽተኛዋን ጤነኛ ናት ልትሉኝ መጣችሁ። የእናንተ ቤት ሰው አንዴ ነው የሚያታልለኝ።»

«እሺ ክፉ ይበሉኝ፣ ግን ልጅቷን...»

«ቅናት እንዲህ ያደርጋል። ይውጡልኝ።»

አባቷ ሊወስዳት የመጣ ቀን በዚያ መንገድ እያለፍኩ ነበር። በእውነቱ አላልፍም ነበር፣ ሆን ብዬ ነው የሄድኩት። ሱርቢ ሻንጣዋን ይዛ ከበሩ ወጣች። አባቷ አንገቱን ደፍቶ መኪናው ጋ ቆሟል። ልጅቷ በልማዱ ዞረች፣ ጎንበስ አለች፣ የአማቷን እግር ነካች። ቀትር ነበር። ቀና ስትል ፀሐዩ ሙሉ ፊቷ ላይ ወደቀ፤ ከስታለች እንጂ ነጭና ቀይ፣ ልክ እንደ ፎቶው ነበረች። ወይዘሮ ካልያኒ ግን ፊታቸውን አዙረው ለዘበኛው በሩን ዝጋ ይሉ ነበር።

ቤት ስደርስ ሩክማ ሮማን በመሰለው ሳሎን ውስጥ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከዚያ ወዲህ ሊያያት የመጣ ቤተሰብ የለም፤ የወይዘሮዋ ቀልድ ከተማውን አዳርሷል።

«ሄደች» አልኳት። ድምፄ ተቆጥቶ ነበር። «ደስ ይበልሽ። ምን አደረገችሽ ያቺ ልጅ? ከመጀመሪያው አንድ ቃል ብትናገሪ...»

«ስትሄድ እግራቸውን ነካች?» አለች ሩክማ፣ ምስሩን መልቀሟን ሳታቆም።

«ነካች።»

«በር ላይ?»

«በር ላይ።»

«ፀሐይ ነበር?»

«ነበር። እንደ ፎቶዋ ነበረች።»

«አገጯን ይዘው አላዩአትም?»

«አላዩአትም።»

ሩክማ አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ሰሐኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«እኔን ግን አይተውኛል» አለች።