ባሕር፣ ጊዜ ካለ

የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ቀይ ቁጥር ሠላሳ አራት ላይ ሲቆም፣ ልብስ ሰፊዋ የሌላ ሰው ሻንጣ የተመዘነ መሰላት።

"አስራ አንድ ኪሎ ትርፍ አለው፣ እማማ" አለች ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ። "በትኬታችሁ የሚፈቀደው ለሁለታችሁ አንድ ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው።"

"ሊሆን አይችልም። ትናንት ከሰዓት የባለሱቁ ሚዛን ላይ አስወጥቼው አስራ ስምንት ነበር።"

"ሚዛኑ ይኸው፣ ያዩታል።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ዛሬም "ፖስታው" ይለዋል። ማንበብ ሲፈልግ አንዲት ፊደል አታመልጠውም፤ መስማት ሳይፈልግ ግን መድፍ ቢተኮስም አይሰማም።

"አንተ ሰውዬ።"

"እ?"

"ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?"

"ዕቃ ነዋ። ሻንጣ ውስጥ ምን ሊኖር ነው?"

ከኋላቸው የተሰለፈ፣ ክራቫቱ ሆዱ ላይ የተጋደመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እናቴ፣ እዚያ ጥግ ወስዳችሁ ብትከፍቱትስ? እኛም እንድናልፍ።"

እሷ ሻንጣውን ከሚዛኑ አውርዳ እስከ ምሰሶው ጎተተችው። ፖስታው ሊያግዛት እጁን ቢዘረጋ በክርኗ ገፋችው። የስፌት መኪና ፔዳል የጨረሰው ጉልበቷ እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ዚፑን ከፈተች።

ከላይ መሆን የነበረበት ሰማያዊ ቀሚሷ ነው። ያገኘችው በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ላይ በባሏ ቀጥ ያለ ጽሕፈት የአንድ የማታውቃት ሴት ስምና የቤት ቁጥር ሰፍሯል። ከሥሩ ሌላ ካርቶን። ከጎኑ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ ከነፍሬሙ። የቧንቧ ሠራተኛው ለወንድሙ የላከው፣ ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ። የሕፃን ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ምስር።

"ምስር!" አለች። "ምስር የማይሸጥበት አገር ነው የምንሄደው?"

"እዚያ ያሉት የዳቦ ጋጋሪዋ እናት 'ልጄ የለቀመችውን ምስር ካልበላሁ' ብለው ነው። አሮጊት ናቸው። ምን ልበላቸው?"

"አይሆንም በላቸው። አ - ይ - ሆ - ን - ም። ስድሳ ስድስት ዓመትህ ነው፣ እስካሁን አፍህ አልለመዳትም?" እጇን እስከ ሻንጣው ወለል ሰደደች። ከምስሩ ሥር ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነ ባርኔጣዋንና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አገኘች። "ልብሶቼስ?"

ፖስታው የድስቱን ክዳን አስተካከለ።

"የመዋኛ ልብሴስ?"

"ልብስ እዚያም አይጠፋም ብዬ…"

"የት አደረግከው?"

"አልጋው ላይ። ምንም አልሆነም፣ አጣጥፌ ነው ያስቀመጥኩት።"

ማጣጠፉን እንደ ውለታ ነበር የሚነግራት። ልብስ ሰፊዋ ትናንት ሲመሽ የቤቱን ቁልፍ ለእህቷ ልታደርስ ወጥታ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየችም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ሰውዬው የሷን አውጥቶ የሰፈሩን ያስገባው። ያን የመዋኛ ልብስ ሱቋን ከውስጥ ቆልፋ ነበር የሰፋችው፤ እጅጌው እስከ ክርን፣ እግሩ እስከ ጉልበት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጥለት ያለው። ዕድሜ ልኳን የተማሪና የነርስ ደንብ ልብስ ስትሰፋ ለራሷ ገላ ብላ መቀስ ያነሳችው ያኔ ነው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወለሉ ላይ ትደረድር ጀመር፤ አንዱ ካርቶን ተንሸራቶ ሲገለበጥ ከመሐሉ ትንሽ ደብተር ወደቀ።

ባሏ ከሷ ቀድሞ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። አልቀደማትም።

በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ነበር። ሰኞ አራት ቤት። ማክሰኞ ስድስት ቤት። ረቡዕ የቧንቧ ሠራተኛው ወንድም ብቻ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ሙሉ ቀን። ሐሙስ ሦስት ቤት፣ መልስ መቀበል። ዓርብ፣ ሰኞ ቤታቸው ያልተገኙትን እንደገና ማየት። ቅዳሜ ጠዋት መልስ ዕቃ ማሰር። በመጨረሻው መሥመር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፦ ባሕር፣ ጊዜ ካለ።

ሁለቴ አነበበችው።

"ጊዜ ካለ?"

"እሱ እኮ ለጥንቃቄ ነው የተጻፈው" አለ ፖስታው። ከዚያ ድምፁ ሳያስበው ሞቅ አለ። "ሁሉም በአንድ መሥመር ናቸው፤ ካርታ አስመጥቼ ነው የሠራሁት። የሄድንበትን መንገድ አንደግምም። ማክሰኞ ስድስቱን ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት…"

"እኔ ማክሰኞ የት ነኝ?"

"አብረን ነና። ቤት ታያለሽ፣ ሰው ትተዋወቂያለሽ።"

"ሰው ልተዋወቅ ነው ሁለት ዓመት ዓይኔ እስኪፈዝ የተማሪ ጃኬት የሰፋሁት?" ድምፅዋ ከፍ ስላለ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ግድ አልሰጣትም። "የሰው እረፍት ስታመላልስ ነው የኖርከው! ማታ ማታ እየመጣህ 'ዛሬ እነ እገሌ ከባሕር ዳርቻ ካርድ ላኩ፣ ውኃው እንዲህ ነው፣ አሸዋው እንዲያ ነው' ትለኝ አልነበረም? እኛም እንሄዳለን ትለኝ አልነበረም? ሠላሳ አምስት ዓመት! አሁን ደርሰን ባሕሩን 'ጊዜ ካለ' ትለዋለህ?"

ፖስታው ከጎኗ ቁጢጥ አለ። ለጥቂት ጊዜ የካርቶኑን ሲባጎ በጣቱ ነካካ።

"ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የማንንም በር ሳንኳኳ 'መጣ! መጣ!' የሚል የለም። በዚህ ሳምንት ግን፣ እንሄዳለን ማለታችንን ሲሰሙ፣ ሁሉም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። ሰው ሲጠብቀኝ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ?"

ልብስ ሰፊዋ አየችው። እውነቱን እንደሆነ አወቀች፤ ማወቋ ንዴቷን አልቀነሰውም፣ ጨመረበት እንጂ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ የጠበቀህ ማነው? በዝናብ ዘግይተህ ስትመጣ ራትህን ሦስቴ የሚያሞቅልህ ማነው?"

"ያንቺማ ሌላ ነው።"

"እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?"

ፖስታው የላላውን ሲባጎ ማጥበቅ ጀመረ።

"እማማ" አለች የመስኮቷ ልጅ ከሩቅ፣ "ምዝገባው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።"

ልብስ ሰፊዋ ምሰሶውን ተደግፋ ተነሳች። "ስማኝ። ያደረሰን ወንድሜ ገና ከዚህ አካባቢ አልራቀም። ደውልለት። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ይመለስ። እኛ በባዶ ሻንጣ እንሂድ፤ የምለብሰውን እዚያው እገዛለሁ። እስካሁን ስለሆነው አንድም ቃል አላነሳብህም።"

"አደራ እኮ ነው! ምን ብዬ ነው ሰፈር የምመለሰው?"

"'ሚስቴ ከለከለችኝ' በል። ስድቡ ለኔ ይሁን። ለምጄዋለሁ።"

ፖስታው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ለአፍታ አየው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ስልኩን መልሶ ከተተና አንድ ካርቶን ብድግ አደረገ።

"ቆይ፣ አንድ ዘዴ አለኝ።"

ወደ ሰልፉ ሄደ። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ የያዘች ሴት ፊት ቆመ። "ልጄ፣ ኪሎ ይተርፍሻል?"

"ይቅርታ አባባ፣ የማላውቀውን ዕቃ አልይዝም።"

"ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። "ጌታዬ፣ ኪሎ ይተርፍዎታል? ሁለት ድስት ናት፣ ባዶ ናት።"

ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ሳቀ። "አባቴ፣ ከነዚህ ዕቃዎች ይልቅ እርስዎን ራስዎን ሻንጣዬ ውስጥ ብከትዎት ይቀላል!"

ሰልፉ ሳቀ። ፖስታውም አብሮ ሳቀ። ካርቶኑን በብብቱ ይዞ፣ ትከሻውን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በዚያ በሥራ ዘመን አካሄዱ ይራመዳል። እያንዳንዱ "አይሆንም" ሲለው እጅ እየነሳ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። አንድ ጊዜም ወደ ምሰሶው አልዞረም። ካገባችው ጀምሮ የምታውቀው ያ ደስታ ፊቱ ላይ ነበር፤ ለራሷ ያ ፊት መቼ እንደበራላት ለማስታወስ ሞከረች፣ አልመጣላትም።

የሚያነድዳት እሳት ያኔ በረደና ጠጠር ሆነ። ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ መታ መታ አድርጋ ቅርጹን መለሰችለት። ነጠላ ጫማዋን በእጅ ቦርሳዋ ከተተች። ሻንጣውንና ካርቶኖቹን ሁሉ ከነደብተሩ ወለሉ ላይ ትታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"ሻንጣ የለኝም" አለች ፓስፖርቷን እያቀረበች። "የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው።"

ልጅቷ ወደ ወለሉ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው፣ ከዚያ ወደ እሷ አየች። ምንም አልጠየቀችም። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሯሯጠች።

"መስኮት ጋ ይሁንልዎ?"

"መስኮት ጋ።"

የመሳፈሪያው ወረቀት ከማተሚያው እየተንጣጣ ወጣ። ልጅቷ ከመስጠቷ በፊት አንገቷን ዘለግ አድርጋ ሰልፉን ቃኘች። ፖስታው መጨረሻ ላይ ደርሶ ካርቶኑን ለአንድ መነኩሴ መሳይ ሽማግሌ እያሳየ ነበር።

"ምዝገባው ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ አለው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከአጠገብዎ ያለውን ወንበር ለሳቸው ልያዝላቸው?"

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ስሟን አነበበች፤ ብቻውን ነበር የተጻፈው። ባርኔጣዋን አጠለቀች።

"አትያዢው" አለች። "ለመጣ ሰው ስጪው።"