ሳይነከር የተቋጠረው ጨርቅ

ሰፈርተኛው መርፌ ይላታል። እሷ ስለምትሰፋ ይመስላታል፤ እነሱ ግን ስለምትወጋ ነው።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ የሰፋችውን መጋረጃ ትተኩስ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ደርባ ካውያውን ስታሳርፍበት እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፤ መጋረጃው ዓይኗ እያየ ተሰበሰበ። ብትለካው ስንዝር ሙሉ አጥሯል።

የተረፈውን ቁራጭ ጫፍ አየች። ቋጠሮው አለ።

ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ካልጠጣ ኋላ ጉድ ይሠራል። መንከሩ ሁልጊዜም የእሷ ሥራ ነው፤ የነከረችውን ጫፉን ትቋጥረዋለች፤ የተቋጠረ ጨርቅ ለመቀስ ደርሷል ማለት ነው። ትናንት ግን ቋጠሮውን አስቀድማ ቋጥራ ወደ ሳፋው ልትሄድ ስትል ጎረቤቷ ዚፕ ልታስቀይር መጣች፤ ዚፑ ወሬ አመጣ፤ ወሬው ሳፋውን አስረሳ። ጠዋት ቋጠሮዋን አይታ፣ ራሷን አምና ቆረጠች።

ካውያውን አቁማ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ያዘነችው ለመጋረጃው አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት የመዘምራኑን ልብስ የቆረጠችው አብራት ትሠራ የነበረች ታናሽ እህቷ ነበረች። ልብሱ መጀመሪያ ሲታጠብ ባታቸው ላይ ወጣ። መርፌ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት እህቷን ምቀኛ፣ እጀ ሰባራ፣ ያላለቻት ነገር አልቀረም። ልጅቱ ቋጠሮውን አይቼ ነው የቆረጥኩት ብትል፣ የቋጠርኩት እኔ፣ የምታስተምሪኝ አንቺ ብላ አፏን አስያዘቻት። እህቷ መቀሷን ይዛ ወጣች። በእናታቸው ልቅሶ እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የተቀመጡት።

ሾፌሩ ባሏ ለምሳ ሲገባ እንዲያ ፈዛ አገኛት። ነገሩን ስትነግረው ያንቺስ መጋረጃ አጭር መስኮት ይፈለግለት ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ከታች ቁራጭ ብትቀጥይበት ማን ያውቃል አላት። እውነቱን ነው፤ ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ግን ቄሱ ደጋግመው የሚያስተምሩት አለ፤ የተጣላ ሰው መባውን ከመስጠቱ በፊት ሄዶ ይታረቅ ይላሉ። ይህን በሰማች ቁጥር፣ ምነው ያቺ እህቴ እዚህ ሆና በሰማችው ትል ነበር። ለካ የሚነገረው ለእሷው ኖሯል። መጋረጃውን እዚያው ጥላ፣ ምሳም ሳትቀምስ ወደ እህቷ ሄደች።

መንገድ ላይ ግን ግትርነቷ ተከተላት። እሷም እኮ ጠንከር ብላ ብትከራከር ኖሮ ማለት ጀመረች። ወዲያው፣ ኧረ አንቺ ሴትዮ ተይ ብላ ራሷን ገሠጸች።

እህቷ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሱሪ እግር ታሳጥራለች። አፏ ስፒል በስፒል ነው። ቀና ብላ አየቻት፤ አልተነሳችም።

መርፌ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«ብርሃኑን በጀርባሽ አድርገሽ፣ ዓይንሽን ልታጠፊ ነው» አለች።

ታናሺቱ ወደ ሱሪው መልሳ አጎነበሰች።

«ያልነከርኩት እኔ ነኝ። ሳልነክር ቋጥሬ ረሳሁት። ዛሬም ያንኑ ሠርቼ ነው የገባኝ። አንቺ እንከን የለብሽም። በሰው ፊት አዋረድኩሽ፣ በሰው ፊትም እመልሰዋለሁ፤ እሁድ መዘምራኑ ባሉበት እናገራለሁ። ስለ ክርስቶስ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

እህቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ሱሪው ላይ ሰካች። ለመርፌ ከሦስቱ ዓመት ይህ ረዘመባት።

«ይቅር ማለቱንማ ያኔውኑ ብዬሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ደጅሽን ባለፍኩ ቁጥር ግን መልሼ እወስደዋለሁ። ማታ ስጸልይ እሰጥሻለሁ፣ ጠዋት እነጥቅሻለሁ። ደከመኝ እኮ፣ እትዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ይዘሽልኝ ሂጂ። እኔ ቤት አታስቀምጪው።»

እትዬ መባልን ስትሰማ መርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እህቷ ተነስታ አቀፈቻት፤ ሱሪውም ከነስፒሉ በመሃላቸው ነበርና ሁለቱም ኡፍ ብለው ተላቀቁ።

«ለመሆኑ ዛሬ ምን አበላሸሽ?»

«የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ። ስንዝር።»

እህቷ ሳቋ አመለጣት፤ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። መርፌ ልትቆጣ ነበር፤ አልሆነላትም፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ባለሱሪው ሊመጣ ነው፣ እስክጨርስ ተቀመጭ፣ ከዚያ መጋረጃውን አብረን እናየዋለን ተባለች። ሰው ጠብቂ ሲላት የማትወደው ሴት የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ የስፌት መኪናው ምንም ሳይቸኩል ሲሄድ ሰማች።