ቆንጥር ምንም ማለት አይደለም ያለው ወኪል

የባለሀብቱ እርሻ አዲሱ ወኪል አንዱአምላክ ከጎንደር ከመጣ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ኮኪትን ግን ከተወለደባት ሰው በላይ አውቃታለሁ ባይ ነው። ከእርሻው አጠገብ የምታርሰው የብርነሽ ልጅ ማህደር ገና ስታየው ነው የናቀችው። በዚህ በጥቅምት ሐሩር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚንጎራደድ ሰው ምን ያውቃል?

ያን ጠዋት ትራክተር አስከትሎ መጣ። በእነማህደር ማሳና በባለሀብቱ እርሻ መሀል ያለው የቆንጥር አጥር ዛሬውኑ ይመንጠር፣ ትራክተሩ መዞሪያ አጥቷል አለ። እናቷ ብርነሽ ለመነችው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ ሂላ ሂላ ተደርጎ ቆሟል። ስምንት ቀን ቢታገሳት ይራገፋል። አጥሩ አሁን ከተነሳ ግን የእርሻው ከብት ገብቶ ይደፈጥጠዋል፤ የዓመት ልፋቷ መሬት ላይ ተበትኖ ይቀራል።

እሱ እቴ! ጭራሽ ያስተምራቸው ጀመር። ቆንጥር ማለት ገበሬ ስም ያጣለትን እሾህ ሁሉ በጅምላ የሚጠራበት ነው፣ ምንም ማለት አይደለም አላቸው።

«የሚቆነጥር ማለት ነው፣ ጋሼ» አለች ማህደር።

«አንቺ ዝም በይ። ይሄ ነው የሚቆነጥረው?» አለና በደረቱ ገባበት።

የቆንጥር እሾህ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ ነው። የያዘው ሰው ቀስ ብሎ ወደኋላ ካለ ይለቀዋል፤ ወደፊት ከታገለ ይብስበታል። ይህን ኮኪት ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል።

«ወደኋላ ይበሉ፣ ጋሼ።»

«እኔ ወደኋላ አልልም።»

ጎተተ። እጅጌው ተተረተረ። አንዱ ቅርንጫፍ ጀርባውን፣ ሌላው ጆሮውን ያዘው። ሾፌሩ ዋለ ሞተሩን አጥፍቶ እንደ ሠርግ ያየው ጀመር። ማህደር እንደሆነች፣ ማሳው ማሽላ ቢሆን ኖሮ ለወፍ መጠበቂያ እዚያው በተወችው ነበር።

ብርነሽ ግን ተጠግታ እሾሁን አንድ በአንድ ታላቅቅለት ጀመር። አትቸኩልም። አንገትጌውን እያስለቀቀች የሂላውን ነገር አነሳችበት፤ እጅጌውን እያስለቀቀች የስምንቱን ቀን። ጆሮው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ታዲያ ምን ትላለህ፣ ልጄ?»

አንዱአምላክ ወደ ዋለ ሰረቅ አድርጎ አየ። ዋለ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሷል።

«ስምንት ቀን» አለ በለሆሳስ።

«ዋለም ይስማህ እንጂ።»

«ስምንት ቀን ብያለሁ።»

ለቀቀችው። ማህደር እናቷን ታዘበቻት፤ በጆሮ አሥራ አምስት ቀን ይጠየቅ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ገባ። በዘጠነኛው መጥረቢያ የያዙ የቀን ሠራተኞች መጡ። ወኪሉ ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮት ጣቱን እየቀሰረ ያሠራቸው ነበር። ማህደር በረንዳቸው ላይ ለውዝ እየፈለፈለች አየችው። ሰላም እንኳ አላለችውም።