የቆመ ይቆጠራል

ጌታነሽ ከቀየት መንደር በታች ባለው ግድብ አራት ዓመት ዓሣ በመንጠቆ አጥምዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿ የሚማሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ ግድቡን የሚያስተዳድር የዓሣ ኮሚቴ ይመረጣል ሲባል ሜዳው ላይ ከሁሉ ቀድማ ተገኘች።

ምርጫው ገና ሲጀመር ተበላሸ። ምርጫውን ሊያስፈጽም ከከተማ የመጣው ባለሙያ ስንታየሁ «የደገፈ እጁን ያውጣ» ቢል፣ በዚያ ብርድ ማን እጁን ያወጣል? ሰዉ የሱፍ ባናውን እንደተከናነበ ተቀመጠ።

«እሺ፣ የደገፈ ይቁም! አቶ ወዳጆ ሊቀ መንበር ይሁኑ የሚል!»

ይህን ሲል ቄስ መልከ ጼዴቅ መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። ቄስ ሲመጣ ማን ይቀመጣል? ጌታነሽ ጭምር ስልሳ አራቱም ሰው ብድግ አለ።

«በሙሉ ድምፅ!» ብሎ ስንታየሁ ጻፈ። ሰዉም ተመልሶ ተቀመጠ።

አቶ ወዳጆ እንግዲህ ዓሣ ሲያዩ አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው። በተሾሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ «የወንድሜ ልጅ መረብ አለው፤ ግድቡን እሱ ይያዘው» አሉ። የዚያ መረብ ዓይን ጠባብ ነው፤ የዓሣ ጫጩቱን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣና ለከርሞ ለጌታነሽ የሚተርፋት እንቁራሪት ብቻ ነው።

«መረብ ይከልከል፣ በመንጠቆ ብቻ ይጠመድ!» አለች ተነሥታ።

«ሕዝብ የመረጠው እኔን ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ሕዝቡማ የተነሣው ለቄሱ ነው፣ ጋሼ!»

ሰዉ ሣቀ። ስንታየሁ «የወይዘሮ ጌታነሽን ሐሳብ የደገፈ ይቁም!» ሲል ግን አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ለመንደሩ ሰው የእርሻ በሬ የሚያውሱት አቶ ወዳጆ ናቸው።

ጌታነሽ ተናደደች። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባታችን፣ ውሃው የእግዜር ነው። እስቲ አንዴ አቡነ ዘበሰማያት ያድርሱልን።»

ቄሱ ፈገግታቸውን በጢማቸው ሸሽገው «በስመ አብ» ሲሉ ሜዳው በሙሉ ቆመ። አቶ ወዳጆ ግራ ቀኝ አዩና አማትበው ተነሡ።

«ቁጠር እንጂ፣ ስንታየሁ!» አለች ጌታነሽ።

«ስልሳ አራት።»

«ይሄማ ጸሎት ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ወዳጆ።

«የቅድሙስ?» አለች ጌታነሽ። «ይሄ ከተሰረዘ ያም ይሰረዛል።»

አቶ ወዳጆ የወንድማቸውን ልጅ አሰቡ፣ መረቡን አሰቡ፣ ሊቀ መንበርነታቸውንም አሰቡ።

«ይጻፍ» አሉ በመጨረሻ፣ ባናቸውን እየሰበሰቡ።

ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ፣ ጌታነሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ጮክ ብላ አሜን ብላ አታውቅም።