የጫማው አፍንጫ

እናትየው የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ አድራ በቀጥታ ወደ ምርመራ ክፍሉ ነው የመጣችው። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ከማለቷ ዓይኗ መከደን ጀመረ። ዛሬ ግን መተኛት የለም። ትምህርት ቤቱ "ልጅቷ መደመር እንዲህ እንደጠፋባት ከጓደኞቿ ጋር ወደ ሁለተኛ ክፍል አናሳልፋትም፤ መጀመሪያ ባለሙያ ይያት" ብሏል።

ልጇ ሚጡ ሰነፍ ናት ብሎ ያልነገራት ሰው የለም፤ ወሬ እንደሁ ሞልቷል። እናትየውም ከሰው አልተለየችም። ከሥራዋ በፊት የቤት ሥራ ይዘው ይቀመጣሉ። ሦስትና አራት ስንት ነው? ልጅቷ ጣቷን ትዘረጋለች፤ የእናትየው ደም ይፈላል። መምህርቷ "ትልቅ ልጅ በጣቱ አይቆጥርም" ስላለች፣ እናትየው እጇን ቸብ እያደረገች አስጣለቻት። ጣቱ ቀረ፤ መደመሩ ግን አልመጣም። በዚያ ላይ ይቺ ልጅ ጫማ አይበረክትላትም። አዲስ ሸራ ጫማ ወር ሳይሞላው አፍንጫው ይበሳል።

"ድንጋይ እየለጋሽ ጨጓራዬን ላጥሽው!" ትላታለች።

ባለሙያዋ ነጠብጣብ ያለበት ካርድ አወጣች። "ስንት ናቸው፣ የኔ ቆንጆ?"

ሦስት ነበሩ። ሚጡ እጆቿን ከጭኗ ሥር ወሸቀች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቆይታ ቆይታ "ሦስት" አለች። ያው ካርድ እንደገና ሲመጣ እንደ አዲስ ጀመረች።

"ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም" አለች ባለሙያዋ። "ሌላው ልጅ ሦስትን አንዴ አይቶ ያውቀዋል፤ እሷ ግን ሁሌ ከአንድ ትነሳለች። ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ መነሻው ይጠፋባታል። አእምሮዋ ቁጥርን የሚይዝበት መንገድ ነው የተለየው። የእሷ ልፋት ከሌላው እጥፍ ነው። በጣቷ ብትቆጥር እንኳ ይቀልላት ነበር፤ ለምንድነው የማትቆጥረው?"

እናትየው አቀረቀረች። ባለሙያዋ ሌላ ካርድ አነሳች። ከጠረጴዛው ሥር፣ በተበሳው ሸራ ጫማ በኩል፣ የልጅቷ አውራ ጣት ብቅ ጥልቅ ይላል። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ። ጫማውን የበሳው ድንጋይ አልነበረም።

እናትየው ክው አለች። የከረመው ድካም ሁሉ አንድ ላይ ተጫናት። ከወንበሯ ወርዳ ተንበርክካ የልጇን ጫማ ክር መፍታት ጀመረች። ሚጡ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች።

"እማዬ፣ በእጄ አልቆጠርኩም እኮ!"