የጋሽ ኔይቾ ግድግዳ

በፔርኒክ ከተማ ሬዲዮ ቅዳሜ ጠዋት «ቁጥቧ እመቤት» የምባለው እኔ ቴሜኑጋ ነኝ። የሻይ ከረጢት ሁለቴ እንደሚነከር፣ ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ እንደሚሰጣ፣ የጥርስ ሳሙና ቱቦ በመቀስ ሲሰነጠቅ ለሌላ ሳምንት እንደሚበቃ ለዚህ ከተማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንዲት አድማጭ «በምክርዎ መሠረት ኖርኩ፤ ባሌ ጥሎኝ ሄደ፣ የመብራት ሒሳቡ ግን ግማሽ ሆነ» ብላ ጽፋልኛለች። ምክር ማለት እንዲህ ነው! ባልማ ሌላ ይገኛል።

አሁን ከተማው ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን ወሬ እዚሁ ላቃናው። «ቴሜኑጋ ራሷ ባወጣችው ምክር በብርድ ልትሞት ነበር» ይላሉ። ውሸት ነው። ትንሽ በርዶኝ ነበር፣ አለቀ።

የእኛ ሕንፃ ድሮ በችኮላ ተገጣጥሞ የቆመ የኮንክሪት ፎቅ ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤቴ ጋሽ ኔይቾ በወዲያ በኩል ሲያስነጥስ እኔ በወዲህ በኩል «ይማርህ!» እላለሁ፤ እሱም «ያኑርሽ!» ይላል። ሙቀት ከከተማው የማሞቂያ ጣቢያ በሙቅ ውሃ ቧንቧ ይመጣል፣ መስኮት ሥር የተተከለው የብረት ማሞቂያ ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዱ ቤት በተጠቀመው ልክ ይከፍላል። ጋሽ ኔይቾ ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጉልበቱን ቁርጥማት ስለሚያሠቃየው ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ከፍቶ ነው የሚኖረው። ታዲያ እሱ ከከፈተ እኔ ምን ቆርጦኝ እከፍታለሁ? መኝታ ቤቴ ያለ አንዲት ሳንቲም እንደ ዳቦ ቤት ይሞቅ ነበር። ከላይ ኢንጂነር ሃራላምፒ ጣሪያዬን፣ ከታች ጉና ወለሌን ያሞቁልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። እንዲያውም ማሞቂያዎቼን አስነቅዬ በጋሪ ለሚዞረው ቆራሌ ሸጥኳቸው። የማልጠቀምበትን ብረት አቧራ ስጠርግ ልኑር?

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ጥፋቱ በሬዲዮ መናገሬ ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አዘጋጁ «ስለ ብርዱ አንድ ነገር በይልን» አለኝ። እኔ ደግሞ ማይክ ፊት ከተቀመጥኩ አፌ ፍሬን የለውም። «እመቤቶች፣» አልኩ፣ «ማሞቂያችሁን ዝጉት! ግድግዳ አላችሁ፣ ጎረቤት አላችሁ። ጎረቤት ያንድድ፣ እናንተ ሙቁ!» ከተማው አበደ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምክሬ በየቤቱ ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ እኔው ሕንፃ ገባ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ራሊጻ ከቫሌንሲያ ደወለች። እሷ እዚያ ሆቴል ትሠራለች፣ ባሏ ቦያን መኪና ይጠግናል። የመጀመሪያ ልጃቸው አራት ወሯ ነበር፤ እኔ በስልክ ቪዲዮ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ ለገና እንመጣለን።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!»

«ቆይ ስሚኝ። ባለፈው ሳሎንሽ ውስጥ ካፖርት ለብሰን ነው የተኛነው። አሁን ሕፃን ይዘናል። ቤቱ ከቀዘቀዘ አንድ ቀን አናድርም፤ ቀጥታ ወደ ቦያን እናት ነን። እሷ ጋ ምድጃ አለ።»

ምድጃ አለ! የቦያን እናት ዴና ገጠር ነው የምትኖረው። ግቢዋ በፍልጥ እንጨት ተሞልቷል፤ ቁጠባ የሚባል ነገር በደጇ አልፎ አያውቅም። በእኛ ደንብ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ስም ትጠራለችና ሕፃኗም ዴና ተባለች። ስሙን ወሰደች፤ እሺ፣ ደንብ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። አሁን ደግሞ ልጅቷን ልትወስድብኝ? ገናዬን ልትወስድብኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!

«መኝታ ቤቴን እለቅላችኋለሁ» አልኳት። «እዚያ ውስጥ እንኳን ሕፃን ሎሚም ይበቅላል።»

ስልኩን ዘግቼ መኝታ ቤት ገባሁና እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። በሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ ያም ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳውን በጡጫ ደበደብኩ።

«ጋሽ ኔይቾ!»

«አቤት!»

«ማሞቂያህ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው! ዘጋሁት! ሬዲዮ ላይ ሰማሁሽ እኮ፣ ጎበዝ ነሽ!»

ወይ ነዶ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

በነጋታው መግቢያው በር ላይ የስብሰባ ወረቀት ለጠፍኩ። የእኛ ስብሰባ ደረጃው ላይ ነው። ሰው በቤት ልብሱና በነጠላ ጫማው ይወርዳል፤ ስለሚያፈስ ጣሪያ ይጀመርና ስለ አንዱ ውሻ ተጣልቶ ይበተናል። የዚያን ቀን ግን ሁሉም ካፖርት ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ መጣ። ከየአፋቸው እንፋሎት ይወጣል።

«ጎረቤቶቼ፣» አልኩ፣ «ብርዱ ከፍቷል። ማሞቂያችሁን የምትከፍቱበት ጊዜ ደርሷል።»

«ምን አልሽ?» አለ ኢንጂነር ሃራላምፒ። «ቅዳሜ ዝጉ፣ ማክሰኞ ክፈቱ?»

«ምክር እንደ ጊዜው ነው።»

«እኔ የዘጋሁት ከሥሬ ያለው ቤት ያሞቀኛል ብዬ ነው። ከሥሬ ያለሽው ደግሞ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ደግሞ ከላዬ ያለው ያሞቀኛል ብዬ» አለች ጉና። «ከላዬም ያለችው እሷው ናት! ለመሆኑ አንቺ ለምንድን ነው የማትከፍቺው?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ የደረጃውን ብረት ማየት ጀመርኩ።

«ምን ኖሯት ትክፈት!» አለ ሃራላምፒ። «ማሞቂያው ቆራሌው ጋሪ ላይ ሲጫን በመስኮት አይቻለሁ። ሸጣዋለች!»

«ጉድ እኮ ነው!» ጉና እጇን አጨበጨበች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! እኔ ሞኟ በዚች ሴትዮ ምክር የሻይ ከረጢት እስከማስጣት ደርሻለሁ!»

«ታዲያ ሻዩን ጠጣሽው አይደል?»

«ጠጣሁት! የሞቀ ውሃ!»

ሳቁብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ለጉና የሚሆን መልስ አላጣም ነበር፤ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት። «ለራሴ ብዬ አይደለም» አልኩ። «የልጅ ልጄ ልትመጣ ነው። አላየኋትም፣ አልታቀፍኳትም። ቤቱ ከቀዘቀዘ ይዘዋት ይሄዳሉ።» ተናድጄም ነበር፣ ሆድም ብሶኝ ነበር።

ሃራላምፒ ኮፍያውን አስተካከለ። «ይገባኛል እትዬ ቴሜኑጋ። ልጅ ነው፣ ያሳዝናል። እንግዲህ ጉና ትክፈትና...»

«እኔ? ሙቀት ወደ ላይ አይደል የሚሄደው? የእናንተን ወለል ላሞቅ? አንተ ክፈት!»

«ወደ ታችም ይወርዳል!»

«መሐንዲስ ተብሎ!»

በዚህ ተጣልተው ተበተኑ። ጋሽ ኔይቾ ብቻ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያሻል።

«ታለቅሳለች?» አለኝ።

«ማን?»

«ሕፃኗ።»

«ራሊጻ እንደምትለው ከሆነ ሕንፃ ታፈርሳለች። ምነው፣ ይረብሸኛል ልትል ነው?»

«አልጋዋን የት ነው የምታደርጊው?»

«መኝታ ቤት ነዋ።»

«በእኔ ግድግዳ በኩል አድርጊያት። እከፍታለሁ።»

«እና ምን ልትቀበለኝ ነው?»

«በቃ፣ በግድግዳው በኩል አድርጊያት።» ተነሥቶ እያነከሰ ወጣ።

እኔ የቁጠባ ሰው ነኝ፤ በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሰው በነፃ ቧንቧ እንደማይከፍት አውቃለሁ። አንድ ተንኮል አስቧል አልኩ። ልጁ ካናዳ እንደሚኖር፣ የልጅ ልጆቹንም እንደ እኔ በስልክ ብቻ እንደሚያያቸው መላው ሕንፃ ያውቃል። ግን ይህን ከማሞቂያ ጋር ማን አገናኝቶ ያስበዋል? ብቻ በማግስቱ ግድግዳው ሞቀ።

ገና ሲቃረብ እነ ራሊጻ መጡ። ራሊጻ ሕፃኗን ስታቀብለኝ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ከብዳለች፣ ወተት ወተት ትሸታለች፣ አፍንጫዋ የእኔ ነው፤ የዴና ስም ይዛ በእኔ አፍንጫ ነው የምትተነፍሰው። መኝታ ቤት ስንገባ ራሊጻ ካፖርቷን አወለቀች፣ ሹራቧንም ደገመች።

«እማዬ! እንዴት ይሞቃል!»

«ለእናንተ ብዬ የማላደርገው ነገር አለ?» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በማግስቱ የሕፃን ልብስ አጥባ መጣች። «እማዬ፣ የማሰጣበት ማሞቂያው የታለ?» አለችና መጋረጃውን ገለጠች። መጋረጃው ሥር ሁለት የተደፈኑ የቧንቧ ጫፎች ብቻ ቆመዋል።

«እ... እሱማ...»

«እዚህ ነው ልጄ!» አለ ግድግዳው። «ወደዚህ አምጪው፣ እኔ ጋ ይደርቃል!»

ቦያን ብድግ አለ። «ማነው የተናገረው?»

ራሊጻ ግን ሞኝ አይደለችም፣ የእኔ ልጅ ናት። ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች። «ሸጥሽው» አለች። «ማሞቂያውን ሸጠሽ በጡረተኛ ሰው ገንዘብ ልጄን ታሞቂያለሽ? አታፍሪም እማዬ?»

«ራሱ ነው እከፍታለሁ ያለው!»

«ሬዲዮ ላይም እንዲህ ነው የምታስተምሪው? ቦያን፣ ሻንጣውን አውርድ። እናትህ ጋ ነን።»

ቦያን ሻንጣውን አወረደ። የእናቱ ምድጃ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ፈጠን ብሏል። ለመንኳት፣ ማልኩላት፣ ተቆጣኋት፣ እጇን ያዝኩ። በጩኸታችን ሕፃኗ ነቃችና ማልቀስ ጀመረች። ራሊጻ አቀፈቻት፣ አላቆመችም። ቦያን ወሰዳት፣ ጭራሽ ባሰባት። እኔ ልውሰዳት ስል ራሊጻ «ተያት!» አለችኝ። የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወፍራም ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረ። ቃል የለውም፤ ያለ ግጥም ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ መሐል ላይ ሳል ያቋርጠዋል፣ ተመልሶ ይቀጥላል። ሕፃኗ አንዴ ተነፋረቀች፣ ዝም አለች፣ አንገቷን አዙራ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ጋሽ ኔይቾ እኛ የምንሰማው መሆኑን የረሳ ይመስለኛል። ሲጨርስ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ተኚ የኔ ልጅ፣ አያትሽ አለሁ» አለ።

ራሊጻ በእጇ የሕፃን ካልሲ እንደያዘች አልጋው ላይ ቁጭ አለች። አየችኝ። ቁጣዋ አልወጣላትም፣ ግን ዓይኗ ሞልቷል። ከዚያ ግድግዳውን አንኳኳች።

«ጋሽ ኔይቾ! ምሳ በልተዋል?»

«አልበላሁም!» አለ ግድግዳው፤ ጥድፊያው ያስቃል።

በሩ ወዲያው ተንኳኳ። የራኪያ አረቄ ጠርሙስ ይዟል፣ ከራቫት አስሯል። መቼ እንዳሰረው እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት ከመጡ ጊዜ ጀምሮ አስሮ ተቀምጦ ይሆናል። ሕፃኗን ስናቀብለው «እንዳልጥላት፣ እንዳልጥላት» እያለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሻንጣው ወደ ቦታው ተመለሰ። የገና ዕለት የቦያን እናት ዴና ራሷ የጎመን ጥቅልል በድስት ተሸክማ ከገጠር መጣችና «ያለ እንጨት እንዲህ ይሞቃል?» አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ይህን አልዋሽም።

ከበዓሉ በኋላ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። እኔ ግድግዳው የሚቀዘቅዝበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ፤ ልብሴን ደራርቤ፣ ካልሲዬን ደርቤ። አልቀዘቀዘም። ሳምንት አለፈ፤ እንደሞቀ ነው። በመጨረሻ አላስችለኝ አለና ደበደብኩት።

«ጋሽ ኔይቾ!»

«አቤት!»

«ሄዱ እኮ!»

«አውቃለሁ! በመስኮት አይቻቸዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን አልዘጋኸውም?»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሲስብ ሰማሁት። 

«አንቺ አለሽ አይደል?» አለ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ድምፄን ግን ወደ ውስጥ አፍኜ፣ እንዳይሰማኝ። ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ስለ ድንች ልጣጭ ተናገርኩ። ሰኞ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ አዲስ ማሞቂያ ተሸክሞ መጣና እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተንበረከከ።

«እዚያ አይደለም» አልኩት። «እዚህ ግድግዳ ላይ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የጎረቤት ግድግዳ ነው። እዚህ ከተከልኩት ግማሹ ሙቀት ወደሱ ነው የሚሄደው።»

«ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ዝም ብለህ ትከል» አልኩት።