ዳማና የስድስት ሰዓቱ ጡሩምባ

ፈረስ ያለበት ቤት እረፍት የለውም። ይህን የምለው ፈረስ ጠልቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ባሌ ቀናው የጦር ፈረሰኛ፣ አሥር አለቃ ነበር። ከፈረስ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ በጡረታ ሲሰናበት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ፋብሪካ ዘበኛ ይሆን ነበር፣ ወይ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ሱቅ ቢጤ ይከፍት ነበር። የኔው ጉድ ግን ሄዶ ባዝራ ገዛ። አቃቂ ወንዝ ዳር ባለችን መሬት ላይ ጋጣ ሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የፈረስ ሆነ፤ እኛ ጥገኞች ሆንን።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ባዝራዋን ከተማ ወስዶ የፈረስ ግልቢያ ክበቡ ካመጣው የውጭ ድንጉላ ያስጠቃታል። አርግዛ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ትወልዳለች። ውርንጭላው ያድጋል፣ ልጓም ይለምዳል፣ ኮርቻ ይለምዳል፣ አጥር መዝለል ይማራል፤ ከዚያ ለክበቡ ይሸጥና ጃንሜዳ ላይ ይወዳደራል። የማይወራው ሌላው ነው። ውርንጭላ እንደ ሕፃን ይታመማል፣ ግን እንደ ሕፃን እቅፍ አድርገህ አታባብለውም። ጋጣው በየቀኑ ይጠረጋል። ውሃው ከወንዝ ይቀዳል፤ ያውም ፋብሪካዎቹ ቀለማቸውን ሳይለቁበት በጠዋት። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ግን ስንቱን አሳድጌ፣ ስሙን ሲሰማ አንገቱን መመለስ ሲጀምር፣ የክበቡ ባለቡትስ ወስዶብኛል። ሲወስዱብኝ አለቅሳለሁ። ቀናው ደግሞ ይስቅብኛል፤ ከዚያ ጋጣ ገብቶ ብቻውን ይቆያል።

ቤታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ነው። ሰዓት የለንም፣ ፈልገነውም አናውቅም። አቃቂ ሁሉ የሚኖረው በፋብሪካው ጡሩምባ ነው፤ ጠዋት ሲጮህ ሠራተኛው ይገባል፣ ስድስት ሰዓት ሲጮህ ድስት ይወጣል፣ ማታ ሲጮህ በር በሩ ይታያል። ቀናውም ፈረሶቹን የሚያበላው በዚያው ነው። ፈረስ በሰዓቱ ካልበላ ሆዱን ቁርጠት ይይዘዋል፣ ቁርጠት ደግሞ ይገድለዋል ይላል። ስለዚህ የስድስት ሰዓቱ ጡሩምባ ገና ማላዘን ሲጀምር ፉርሽካና ገብስ የተቀላቀለበት ባልዲ ግርግሙ ላይ ይደረጋል። ዝናብ ቢዘንብ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ እኔ ብታመም አይቀርም። የሸጥናቸው ፈረሶች ሁሉ እንዲሁ ነው ያደጉት። ከተማ ሲወሰዱ የኛን ጡሩምባ የሚሰሙበት ስለሌለ አንድም ቀን ስሞታ መጥቶብን አያውቅም።

ዳማ የመጨረሻው ነው። እናቱ ባለፈው ክረምት ሞተችብን። ፈረሶቹን የምናሰማራበት መስክ ለመጋዘን ተፈልጎ በሽቦ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ ዳማ የሚበላው ሁሉ ከሰዓዳ ሱቅ የሚገዛ ሆነ። ሰዓዳ የስልጤ ሴት ናት፤ ጣቢያው አጠገብ ፉርሽካና ገብስ ትነግዳለች፣ ስትሰፍር እጇ ለጋስ ነው፣ አንደበቷም እንደዚያው።

«እትዬ የሺ፣ ወላሂ ይኼ ፈረስ ከኔ ልጆች የበለጠ ይበላል» ትለኛለች።

ከቀናው ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ዳማ ሲሸጥ ጋጣው ይዘጋል። እኔ እግሬን ዘርግቼ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ እሱም ዳሌውን ያሳርፋል። የፈራነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክበቡ አልፈልግም ካለ፣ አቃቂ ውስጥ ፈረስ የሚፈልግ አንድ ሰው ነው ያለው፤ ባለጋሪ። የጋሪ ፈረስ ደግሞ ከጣቢያ በሰቃ፣ ከበሰቃ ቃሊቲ፣ ቀኑን ሙሉ ሰውና ጆንያ ሲጎትት አይተናል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይታያል፣ ትከሻው ላይ ያለው ቁስል ሳይድን ሌላ ይወጣበታል።

«ዳማ ጋሪ አይገባም» አለ ቀናው። «እሱ ጋሪ ከገባ እኔን ቀድማችሁ ቅበሩኝ።»

ፈረሱን ካየኸው ታዝንለታለህ፤ ቀይ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጠብታ ያለው፣ ሲቆም እንኳ የሆነ ነገር ሊያደርግ ያሰበ የሚመስል። ቀናው በሦስት ዓመቱ መዝለል አስተማረው። አጥሩ ፊት ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጆሮውን ያቀናል፣ ከዚያ ከኋላ እግሩ ሰብሰብ ብሎ ይነሳል። ሌሎቹ ፈረሶች እየተገፉ ነው የዘለሉት። እሱ ግን ሲዘል ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ግልቢያ የማላውቀው እንኳ ይታወቀኝ ነበር።

ከዚህ በፊት ፈረሶቹን ከተማ ወስደን ነበር የምናስፈትነው። በዚያ ሰሞን ግን የክበቡ ፈረስ ገዢ ሻምበል ፈቀደ፣ ወደ ደብረ ዘይት ሲያልፉ ጠዋት ጎራ ብለው እንደሚያዩት መልእክት ላኩ። ቀናው ሌሊቱን አልተኛም ብል ይሻላል። ገና ሳይነጋ ዳማን አጥቦ፣ ጋማውን አበጥሮ፣ ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ውጭ በቀረችው ሜዳ ላይ በርሜል አቁሞ አግዳሚ እንጨት ደረደረ። ሻምበሉ ጠዋት አልመጡም። ቃሊቲ ላይ ካሚዮን ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ሻምበሉ ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህንን ልደብቅ አልችልም። ከመኪናቸው እንደወረዱ «በሉ አሁኑኑ ልየው፣ ረፍዶብኛል» አሉ።

ቀናው ግን የት ሊሰማ። «ኧረ ምን ሲደረግ ሻምበል! ከደጄ ደርሰው ባዶ አፍዎን ፈረስ ላይ ሊወጡ ነው? እንዲህ ያለ ነውር እኔ ቤት አይሠራም።»

እኔም ከሱ ብሼ ተባበርኩት። ጠላ ቀዳሁ፣ ቆሎ አቀረብኩ። ሻምበሉም እምቢ ብለው እንዳያስቀይሙን ተቀመጡ። አንዱን ብርሌ ሲጨርሱ ቀናው «በአንድ እግር አይኬድም» ብሎ ሌላ አስቀዳ። ስለ ድሮ ፈረሶች ተጫወቱ፣ እነማን የት እንደወደቁ ተሳሳቁ። አሁን ሳስበው ያኔ እንደደረሱ ቢወጡበት ኖሮ ፈተናው አልቆ መኪናቸው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነበር። ግን እንግዳን በር ላይ አቁሞ ሥራ ማሠራት ማን አስተማረን?

በመጨረሻ ወጡና ዳማ ላይ ተቀመጡ። ዳማ የመጀመሪያውን እንጨት ምንም እንዳልሆነ አለፈው። ሁለተኛውንም አለፈ። ሻምበሉ ፊታቸው በራ። ቀናው ክንዴን ይዞ ነበር፤ ጭምቅ አደረገኝ። ሻምበሉ አዞሩትና ከፍ ወዳለው ሦስተኛው አመሩ።

ጡሩምባው ጮኸ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀናውም አልሰማነውም። ስንት ዓመት ጆሯችን ላይ ሲጮህ የኖረ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቢጠይቀን ጮኸም አልጮኸም ማለት አንችልም ነበር። የሰማው ዳማ ብቻ ነው። ሦስተኛው እንጨት ፊት ሲደርስ አንገቱን ወደ ቤታችን መለሰ። ሻምበሉ ልጓሙን ሳቡ፤ እሱ ወደ ኋላ አለ፣ ጆሮውን አቀና። ከዚያ ሻምበሉን እንደተሸከመ የግቢያችንን ካብ ዘለለው። ካቡ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ኮቴው አንዲት ድንጋይ አልነካም። ገብቶ ቀጥ ብሎ ጋጣው ፊት ቆመና አፉን ባዶው ግርግም ውስጥ ከተተ።

ሻምበሉ አልወደቁም። ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ቀስ ብለው ወረዱ፤ የሚያብለጨልጨው ቡትሳቸው እበት ውስጥ ገባ። ቆባቸው ካቡ ማዶ ቀርቷል።

ቀናው እያነከሰ ደረሰ። «አዩት ሻምበል? አዩት? እንዲህ ያለ ዝላይ የት አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ ሻምበሉ። «አሥር አለቃ፣ እውነት ነው አላየሁም። ግን እኔ አላዘለልኩትም እኮ። እሱ ነው የወሰደኝ።»

«ጡሩምባው ነው ጌታዬ! የምሳ ሰዓቱ ስለሆነ ነው!»

«ጃንሜዳ ደግሞ ደወል አለ፣ የማርሽ ባንድ አለ፣ መድፍ ይተኮሳል። አንዱን ሲሰማ ምሳ መስሎት የሰው ልጅ ይዞ ቢሄድስ? ሰው ቢሞትበት ማን ይጠየቃል?»

ቀናው ሁለት ወር ይስጡኝ ብሎ ለመናቸው። ባሌ ሰው ሲለምን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አየሁት፣ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ሻምበሉ ክበቡ ከእንግዲህ ፈረስ የሚያስመጣው ከውጭ አገር እንደሆነ፣ ይህም የመጨረሻው ግዢ እንደነበር አንገታቸውን ደፍተው ነገሩት። ሲሄዱ እኔን ጨብጠው «ጠላው ጥሩ ነበር» አሉኝ።

ቀናው ዳማን የጡሩምባውን ነገር ላስረሳው ብሎ ሰዓቱን ማዛባት ጀመረ። ጡሩምባው ሲጮህ ባልዲውን አያነሳም፤ ቆይቶ ያበላዋል። ዳማ የጋጣውን በር በእግሩ ይደበድባል፣ እያየን ይጮሃል። ቀናው ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል። የሰዓዳ ጆንያ አለቀ፣ ሌላ ጆንያ መጣ፣ እሱም ወደ ማለቁ ሆነ። መስኩ የለም። ክበቡ የለም። አንድ ጠዋት ቀናው ምንም ሳይነግረኝ ዳማን አበጥሮ፣ ልጓሙን ይዞ ወጣ። ሮሪሳ ከሚባለው ባለጋሪ ዘንድ ወሰደው። ሮሪሳ ጎረቤታችን ነው፤ ከባለጋሪዎቹ ሁሉ ፈረሱን የማይደበድበው እሱ ነው። ቢያንስ ያንን አስቦበታል። ተመልሶ መጥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እኔ ባልዲውን በአመድ ፈግፍጌ አጠብኩት፤ ልብስ ማጠቢያ አደርገዋለሁ ብዬ። ያ ስመኘው የኖርኩት እረፍት መጣልኝ ማለት ነው። ካቡ ስር ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። ፀሐዩም አልሞቀኝም፣ እግሬም አላረፈልኝም። የጋጣውን ጠረን ጠላሁት እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ እሱን ፈለግሁት።

በማግስቱ ጡሩምባው ሲጮህ ሰማሁት። በካቡ መሃል ባለው የእንጨት በር በኩል የጋሪ ጎማ ተንጓጓ። ብቅ ብዬ ባይ ዳማ በሩ ፊት ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ቆዳ፣ ከኋላው ጋሪ። ጋሪው ላይ ሰዓዳ አራት ጆንያ ፉርሽካ አስጭና ነጠላዋን በአንድ እጇ፣ የጋሪውን ጠርዝ በሌላው ይዛ ተቀምጣለች።

«እትዬ የሺ፣ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት!» አለ ሮሪሳ፤ ላብ ላብ ብሎታል። «ወደ ሱቋ ነበር የምንሄደው። ጡሩምባው ሲጮህ አልሰማ አለኝ። ብስበው፣ ብለምነው እምቢ አለ።»

«ወላሂ ይኼ ፈረስ ፉርሽካውን ከኋላው ጭኖ ፉርሽካ ፍለጋ ይሮጣል» አለች ሰዓዳ። ልታስቀን ፈልጋ ነበር፣ ግን ራሷም አልሳቀችም።

እኔም ልስቅ አልኩ። ከዚያ ዳማ በሩን አየው። የተዘጋውን በር፣ ከዚያ ካቡን። ጋሪውን እየገፋ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ሮሪሳ እልከኝነት መስሎት ልጓሙን ሳበ። እኔ ግን ጆሮውን አየሁት፤ ቀንቷል። የኋላ እግሩ ሰብሰብ አለ።

«ቀናው!» ብዬ ጮህኩ። «ቀናው ድረስ! ከነጋሪው ሊዘል ነው!»

ቀናው ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ጋቢውን ጥሎ በባዶ እግሩ ሮጠ። ከነመወርወሪያው በሩን ገንጥሎ ጣለና በሁለት እጁ የዳማን ልጓም ያዘ። ሊነሳ የነበረው ፈረስ የፊት እግሩን መልሶ መሬት አደረገ። ጋሪው ተንገዳገደ፣ አንድ ጆንያ ወደቀ፣ ሰዓዳ «ያ አላህ!» አለች። ዳማ አፉን የቀናው ብብት ስር ከቶ ያሸት ጀመር፤ ባልዲውን እየፈለገ ነው።

ቀናው ግንባሩን የዳማ ግንባር ላይ አድርጎ አለቀሰ። «እኔ ነኝ» ይለዋል፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፣ እኔ ነኝ።» ሮሪሳ ዘወር ብሎ ጎማውን የሚያይ መሰለ። እኔም አለቀስኩ፤ ለፈረሱ ይሁን ለባሌ ይሁን ለራሴ እንጃ። ሰዓዳ ከጋሪው ወርዳ የወደቀውን ጆንያ አፉን ፈታችና ባልዲዬን ሞላችው።

በነጋታው ጠዋት ቀናው ዶማ ይዞ ወጣ። የግቢያችንን ካብ ከመንገዱ በኩል እስከ መሠረቱ አፈረሰው። ድንጋዩን እኔ ነኝ ያጋዝኩት፤ ወገቤ እስከ አሁን ይሰማኛል። ጎረቤት «ምን ነካችሁ፣ ሌባ አይገባም ወይ?» ይላል። ይግባ።

አሁን ጡሩምባው ሊጮህ ሲል ሮሪሳ ያሳፈረውን ሰው አውርዶ ይመጣል። አሁን ሁለታችንም ጡሩምባውን እየሰማን፣ ቀናው ባልዲውን ይዞ ካቡ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዳማ ጋሪውን እየጎተተ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለም፤ ቀናው የሚዘለል ነገር አላስቀረለትም።